ልባሱ ሲጫር ምን ይሆናል? በፈሳሽ እርሳስ ውስጥ ስለሚሠራ አረብ ብረትና ስለ መከላከያ ልባሶቹ የቀረበ አስተያየት

አረብ ብረትን ከመበላት ለመጠበቅ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ማልበስ የቆየ ጥበብ ነው። የቤታችንን ጣሪያ የሚከድነው ቆርቆሮ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው፤ የአጥራችን በርም ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ስለ እነዚህ ሽፋኖች ስንነጋገር የምናነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ስንት ዓመት ይቆያል? ለጣሪያና ለበር ጥያቄው በቂ ነው። ቆርቆሮው ሲዝግ ይታያል፤ ሲያፈስም ይቀየራል።

ቀልጦ በሚፈስ እርሳስ ውስጥ፣ በኑክሌር ሪአክተር ማዕከል ለሚሠራ አረብ ብረት ግን ይህ ጥያቄ አይበቃም። ዙሪያውን የከበበው ፈሳሽ ብርሃን ስለማያሳልፍ ጉዳቱ በዓይን አይታይም፤ አካሉም እንደ ጣሪያ በቀላሉ ወርዶ አይቀየርም። የዚህ ጽሑፍ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። ልባስን መመዘን ያለብን ሳይነካ በቆየበት ጊዜ ርዝመት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በፊት፣ ከተጫረ በኋላ በሚያሳየው ጠባይ ነው። ይህን መመዘኛ ከተቀበልን በዚህ መስክ ገንዘብና ጊዜ የሚፈስባቸው ሥራዎች ቅደም ተከተል ይለወጣል፤ የምርምር ዘገባዎቻችን አጻጻፍም አብሮ መለወጥ ይኖርበታል።

እርሳስ እንደ አሟሚ

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እስከ 1749 ዲግሪ ድረስ ግን አይፈላም። 44.5 በመቶ እርሳስና 55.5 በመቶ ቢስሙት የያዘው ቅይጥ ደግሞ በ125 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ ሁለቱም የፈጣን ኒውትሮን ሪአክተርን ሙቀት ያለ ከፍተኛ ግፊት ተሸክመው ለመውሰድ ይችላሉ፤ እንደ ሶዲየምም ከውኃና ከአየር ጋር ሲገናኙ በእሳት አይነዱም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሴቨርስክ የምትገነባው ብሬስት-ኦዲ-300 በንጹሕ እርሳስ፣ ቤልጅየም በሞል ያቀደችው ሚራ ደግሞ በእርሳስና ቢስሙት ቅይጥ እንዲቀዘቅዙ የተመረጠው ከእነዚህ ጠባዮች የተነሣ ነው።

ችግሩ ቀልጦ የሚፈስ እርሳስ አሟሚ መሆኑ ላይ ነው። ውኃ ጨውን እንደሚያሟሟ ሁሉ እርሳስም አረብ ብረቱ የተቀየጠባቸውን ንጥረ ነገሮች ያሟሟል። ከእነዚህ መካከል በቀላሉ የሚሟሟው ኒኬል ነው፤ ክሮሚየምና ብረት እጅግ ባነሰ መጠን ይከተላሉ። 316ኤል በሚል መለያ የሚታወቀው የማይዝግ ብረት 10 በመቶና ከዚያ በላይ ኒኬል ስለሚይዝ፣ ኦክሲጅን ባነሰበትና ሙቀቱ ወደ 500 ዲግሪ በተጠጋ እርሳስ ውስጥ ኒኬሉ ተመርጦ ይወጣል፤ የቀረው ገጽ ቀዳዳ የበዛበት ይሆንና እርሳሱ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። በውኃ ጠባይ «የማይዝግ» የተባለው ብረት በእርሳስ ዘንድ ይህን ስሙን ያጣል።

መሟሟቱ በአንድ ቦታ አያበቃም። በሞቃቱ ክፍል የተሟሟው ብረት ፍሰቱ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሲያደርሰው ከፈሳሹ ተለይቶ ይዘቅጣል። ፈሳሹም ሸክሙን አራግፎ ወደ ሞቃቱ ክፍል ይመለስና እንደገና ያሟሟል። በዚህ ዑደት አንዱ ክፍል እየሳሳ ሲሄድ ሌላው መተላለፊያ እየጠበበ ይሄዳል። በዚያ ላይ ፈሳሽ እርሳስ ከውኃ 10 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ፍጥነቱ ሲጨምር ገጹን ይሸረሽራል፤ ንድፍ አውጪዎች በማዕከሉ ውስጥ ያለውን ፍሰት በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ የሚወስኑትም ስለዚሁ ነው። 9 በመቶ ክሮሚየም የያዘው ቲ91 የተባለ አረብ ብረት ኒኬል የለውም ማለት ስለሚቻል መሟሟትን የተሻለ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ፈሳሹ በቀጥታ ሲነካውና ሲወጠር ተሰባሪ የመሆን ዝንባሌ ያሳያል።

ጠባቂውም አጥፊውም ኦክሲጅን

የመጀመሪያው መከላከያ የተገኘው ከልባስ ሳይሆን ከፈሳሹ ከራሱ ነበር። በእርሳሱ ውስጥ ጥቂት ኦክሲጅን ሟሙቶ ከተገኘ በአረብ ብረቱ ገጽ ላይ የብረትና የክሮሚየም ኦክሳይድ ንብርብር ይሠራል፤ ይህም ብረቱን ከአሟሚው ይለየዋል። በብዙ ሙከራዎች የሚመረጠው መጠን በክብደት ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ነው፤ ይኸውም በአንድ ቶን ፈሳሽ ውስጥ 10 ሚሊግራም ገደማ መሆኑ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ንብርብሩ ይፈርሳል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ እርሳሱ ራሱ ኦክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል።

የመብዛቱ አደጋ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታሰብ አይደለም። ኬ-27 የተባለው የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ በእርሳስና ቢስሙት ቅይጥ በሚቀዘቅዙ ሁለት ሪአክተሮች ይንቀሳቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1968 በማቀዝቀዣው ውስጥ የተጠራቀመ ዝቃጭ የአንደኛውን ሪአክተር መተላለፊያዎች በመዝጋቱ የነዳጁ አንድ ክፍል ሳይቀዘቅዝ ቀረ፤ 9 መርከበኞችም በደረሰባቸው ጨረር ምክንያት ሞቱ። ስለ ፈሳሹ ኬሚስትሪ የምናደርገው ክርክር መጨረሻው የሰው ሕይወት መሆኑን ይህ ታሪክ ያስታውሰናል።

ኦክሲጅኑ በልክ ቢጠበቅ እንኳ ዘዴው ወሰን አለው። ከ550 ዲግሪ ገደማ በላይ የብረት ኦክሳይዱ ንብርብር በፍጥነት ይወፍራል። የወፈረው ንብርብር ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ በነዳጅ ቱቦው ላይ ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሲሰነጠቅና ሲረግፍም ቅርፊቱ በፍሰቱ ተወስዶ ሌላ ቦታ ይከማቻል። የልባስ ምርምር የተጀመረው ይህን ወሰን ለመሻገር ነው።

ሁለት የልባስ አስተሳሰቦች

አብዛኛው ጥረት የሚያተኩረው በአሉሚና፣ ማለትም በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ላይ ነው። አሉሚኒየም ኦክሲጅንን ከብረትና ከክሮሚየም አብልጦ ስለሚይዝ፣ ሌሎቹ ኦክሳይዶች በሚፈርሱበት አነስተኛ የኦክሲጅን መጠን እንኳ አሉሚና ይጸናል፤ እድገቱም እጅግ ዝግተኛ ነው። ይሁን እንጂ አሉሚናን ከአረብ ብረት ጋር ለማገናኘት ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው አሉሚናውን ከውጭ ማልበስ ነው። ሚላኖ የሚገኘው የጣሊያን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማዕከል ተመራማሪዎች በሌዘር ምት እየተነነ የሚያርፍ አሉሚና በአረብ ብረት ላይ በማልበስ የታወቀ ሥራ ሠርተዋል። የዚህ ልባስ ግትርነት ከአረብ ብረት ጋር የተቀራረበ በመሆኑ ከተራ ሴራሚክ የተሻለ አብሮት ይሠራል። ሁለተኛው መንገድ ገጹ ራሱ አሉሚና እንዲያበቅል ማድረግ ነው። በጀርመን የካርልስሩኸ ተመራማሪዎች ብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም የያዘ ቅይጥ በቲ91 ላይ ካሳረፉ በኋላ በኤሌክትሮን ጨረር ምት አቅልጠው ከገጹ ጋር አዋሕደውታል። በስዊድን የንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 4 በመቶ ገደማ አሉሚኒየም የያዙ የብረት ቅይጦችን አጥንተዋል። እንዲህ ባሉ ቅይጦች ላይ በእርሳስ ውስጥ የሚበቅለው አሉሚና ከ1 ማይክሮሜትር በታች ሆኖ ለሺህ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል።

አሉሚኒየምን በዚህ መልክ ማሠራት ለኢንዱስትሪ እንግዳ አይደለም። ቆርቆሮ በተከታታይ መስመር ሲመረት የብረቱ ሉሕ 450 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ፈሳሽ ዚንክ ውስጥ ያልፋል። ዚንኩ ብረቱን ከልክ በላይ እንዳይበላው 0.2 በመቶ ገደማ አሉሚኒየም ይጨመርበታል፤ አሉሚኒየሙም ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ በገጹ ላይ ስስ መገቻ ይሠራል። ከጣሪያችን በታች የምንኖረው ሁላችን ሳናውቀው የዚህ ዕውቀት ተጠቃሚዎች ነን።

ማሟሸትና ማሰስ

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት እንጀራ የሚጋግር ሰው ያውቀዋል። አዲስ ምጣድ ይሟሻል፤ ሳይሟሽ የተጋገረበት እንደሆነ እንጀራው ይይዛል። ግን ማሟሸት ብቻውን አይበቃም። በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ የተነካው ቦታ እንደገና ይሸፈናል። ምጣዱን ለዓመታት የሚያቆየው የመጀመሪያው ቀን ሥራና የየዕለቱ ማሰስ አንድ ላይ ሆነው ነው።

ከውጭ የሚለበጠው ሴራሚክ ተሟሽቶ የማይታሰስ ምጣድ ነው። ባረፈበት ቀን ያለውን ጥራት ይዞ ይኖራል፤ የተነቀለውን ግን አይተካም። አሉሚና የሚያበቅለው ቅይጥ በበኩሉ ሲጫር ከሥሩ አሉሚኒየም፣ ከፈሳሹም ኦክሲጅን አግኝቶ ቁስሉን ይሸፍናል።

መጫር ደግሞ በምናብ የተፈጠረ ክስ አይደለም። የነዳጅ ቱቦ በፍሰቱ ንዝረት ከመያዣው ጋር ይፋተጋል፤ ነዳጁ ሲገባና ሲወጣም ይነካካል። ሪአክተሩ በቆመና በተነሣ ቁጥርም ሙቀቱ ይለዋወጣል። አሉሚና በአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ከሚሊዮን 8 እጅ ያህል ሲሰፋ 316ኤል ከሚሊዮን 18 እጅ ያህል ይሰፋል። በ400 ዲግሪ ለውጥ በ1 ሜትር ቱቦ ላይ በሁለቱ መካከል የ4 ሚሊሜትር ልዩነት ይፈጠራል፤ በ1 ሜትር ቱቦ ላይ ቲ91 በሚሆንበት ጊዜም ልዩነቱ ከ1.5 ሚሊሜትር አያንስም። ይህን ልዩነት ልባሱ በመወጠር ይሸከመዋል፤ መሸከም ሲያቅተው ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል።

ለሴራሚኩ ከሚቀርቡት ምስጋናዎች ዋነኛው በፈሳሹ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ቢያንስም እንኳ መጠበቁ ነው። ነገር ግን አንድ ጭረት ካለ፣ በጭረቱ ሥር የተገለጠው አረብ ብረት ያለ ኦክሲጅን ይሟሟል። ልባሱ ኦክሲጅን አያስፈልገው ይሆናል፤ ጭረቱ ግን ያስፈልገዋል። እንግዲህ የሪአክተሩ ባለሙያ ኦክሲጅኑን መቆጣጠሩን ሊተው አይችልም። ቁጥጥሩ ካልቀረ ደግሞ ኦክሲጅኑን ለጥገና የሚጠቀምበትን ገጽ መምረጥ ይሻላል።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ የሚቀርቡ ሦስት ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው አሉሚና አብቃዩ ቅይጥ የራሱ ድካም አለው የሚል ነው፤ እውነትም ነው። አሉሚኒየሙ ሲበዛ ቅይጡ ለመቅረጽና ለመበየድ ያስቸግራል። ክሮሚየሙ ሲበዛም በ475 ዲግሪ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ተሰባሪ ይሆናል። ጥገናውም ቢሆን ወሰን አለው፤ በዝቅተኛ ሙቀት አሉሚናው በዝግታ ይበቅላል፤ በ20 እና 30 ማይክሮሜትር የተወሰነ የቅይጥ ገጽም ከዚያ በጠለቀ ጭረት ይሸነፋል። ከዚህ የሚከተለው ግን ወደ ሴራሚኩ መመለስ አይደለም። ቅይጡ ከሚጠበቀው ጭረት ጥልቀት በላይ መወፈር አለበት ማለት ነው። ለወፍራም አካላት ይህ ሊደረግ ይችላል፤ አሉሚና አብቃዩን ቅይጥ በብየዳ በሚሊሜትር ውፍረት መደረብ ይቻላልና። ግድግዳው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል በሆነ የነዳጅ ቱቦ ላይ ግን ቦታ የለም፤ ስስ ልባስ ተገቢ ቦታው ይህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፈቃድ ሰጪዎች በኩል የሚመጣ ነው። 316ኤልና ቲ91 በንድፍ ደንቦች ውስጥ የገቡ፣ ለአሥርተ ዓመታት የተጠኑ ብረቶች ናቸው። አዲስ ቅይጥ እዚያ ለመድረስ ረጅም ዓመታት ይወስድበታል፤ ልባስ ግን የታወቀውን ብረት ሳይለውጥ ይጨመርበታል። ይህ መከራከሪያ ክብደት አለው። ቢሆንም የደንቡ ዋስትና ለብረቱ እንጂ ለልባሱ እንዳልተሰጠ መዘንጋት የለበትም። የቱቦው ሕይወት በልባሱ ላይ ከተንጠለጠለ፣ በደንብ ያልተመሰከረለት አካል የተመሰከረለትን ተሸክሞታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ እንጂ ልባስ ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። የሚራ ንድፍ አውጪዎች ማዕከሉን ከ500 ዲግሪ በብዙ ዝቅ ባለ ሙቀት ለማሠራት መርጠዋል። በብሬስት ግን እርሳሱ በ420 ዲግሪ ገብቶ በ535 ዲግሪ ይወጣል፤ ለቱቦው የታሰበውም ሲሊኮን የተጨመረበት የክሮሚየም አረብ ብረት ነው። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ከኤሌክትሪክ የሚገኘው ጥቅም ይቀንሳል፤ ብረቱ ግን ይተርፋል። «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» የሚለው ብሂል በዚህ ቦታ የምህንድስና ምክር ነው። እኔም ይህን ምርጫ ከልባስ ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ልባስ መታሰብ ያለበት ይህ በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

ስለ ዘገባዎቻችን

ይህን አቋም በማስረጃ ለማጽናት ወይም ለማፍረስ የሚያስፈልገው መረጃ ግን ከብዙ ዘገባዎች ይጎድላል። ልማዱ እንዲህ ነው። የለበሰው ናሙና በእርሳስ ውስጥ ለ1,000 ወይም ለ2,000 ሰዓት ይነከራል፤ ወጥቶ ይቆረጣል፤ መካከሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ «ልባሱ ብረቱን ጠብቋል» ተብሎ ይጻፋል። ለ60 ዓመት አገልግሎት የታቀደ አካል 525,600 ሰዓት ይጠብቀዋል። 1,000 ሰዓት ከዚህ ውስጥ 0.2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጠርዙ ነው። በናሙናው ጠርዝና ጥግ ላይ ልባሱ ይሳሳል፤ ጥቃቱም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። እኔም በድኅረ ምረቃ ሥራዬ የተበላውን ጠርዝ «የናሙና አዘገጃጀት ጉድለት» ብዬ ትቼ የመካከሉን ፎቶግራፍ ያቀረብሁበት ጊዜ አለ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም እንዲሁ ያደርግ ነበርና። ሪአክተር ግን ጠርዝ፣ ጥግና የብየዳ መስመር ያለው ነገር ነው። እኔ ቆርጬ የጣልሁት ክፍል ለሪአክተሩ ቅርብ የነበረው ክፍል ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች የዘገባ ግዴታ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የልባስ ሙከራ ውስጥ ከደህናው ናሙና ጎን እስከ አረብ ብረቱ ድረስ ሆን ተብሎ የተጫረ ናሙና ይነከር፤ የጭረቱ ጥልቀትና ስፋት ይለካ፤ ውጤቱም ከደህናው እኩል ቦታ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ የኦክሲጅኑ መጠን በአማካይ ብቻ ሳይሆን ከነመዋዠቁ ይገለጽ፤ ዝቅ ያለበት ጥቂት ሰዓት ከቀረው ሺህ ሰዓት ይልቅ ውጤቱን ሊወስን ይችላልና። ሦስተኛ፣ ጠርዙና ብየዳው ይታይ፤ የወደቀውም ናሙና ይቆጠር። ከ10 ናሙና 2 ወድቀው ከሆነ አንባቢው የ8ቱን ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ መፍረድ አይችልም።

የጨረር ጉዳይ በእነዚህ ላይ ይጨመራል። የሚላኖው አሉሚና በከባድ አዮኖች ጨረር ተፈትኖ ተስፋ ሰጪ ጽናት አሳይቷል፤ የአዮን ጨረር ግን በገጹ አቅራቢያ ብቻ የሚያርፍና በአጭር ጊዜ የሚፈጸም ስለሆነ የኒውትሮንን፣ የእርሳስንና የውጥረትን ድምር ሥራ አይተካም። የኒውትሮን ሙከራ ውድ ነው፤ የሚቻለውም በጥቂት አገሮች ነው። የተጫረ ናሙና ሙከራ ግን እንዲህ አይደለም። የሚያስፈልጉት ምድጃ፣ ኦክሲጅኑን ለመወሰን የሃይድሮጂንና የውኃ ትነት ድብልቅ ጋዝ፣ ማይክሮስኮፕ፣ እንዲሁም የእርሳስን መርዛማነት የሚመጥን የአየር ማስወጫና ጥንቃቄ ናቸው። ሪአክተር በሌለው አገር ያለ የድኅረ ምረቃ ተማሪም ይህን ሙከራ ሠርቶ ለመስኩ የሚጎድለውን ቁጥር ሊያበረክት ይችላል። የርእስ ምርጫ ላይ ላሉ የዚህ መድበል አንባቢዎች የማቀርበው ምክርም ይኸው ነው።

ቅደም ተከተሉን ለማጠቃለል፦ በቅድሚያ ሙቀቱ ዝቅ ሊል ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። ካልቻለ፣ ውፍረት በሚፈቅድበት አካል ሁሉ አሉሚና አብቃይ ቅይጥ ይመረጥ ወይም ይደረብ። ስስ ልባስ ሌላ ምርጫ ለሌለው የነዳጅ ቱቦ ይቀመጥ፤ ለዚያም ቢሆን ተጭሮ ሳይፈተን አይመስከርለት። እኔ ራሴ በሚቀጥለው ሙከራዬ የመጀመሪያውን ጭረት የምጭረው ናሙናውን ወደ እርሳሱ ከማስገባቴ በፊት ነው፤ ጠርዙንም አልቆርጥም።